ግራ እጅ፣ ቀኝ ጉንጭ

እናቴን በቀኝ በኩል መሳም ክልክል ነው። ክልክል መሆኑን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ያወቅሁትም ስሜያት ነው። ከንፈሬ ከአፍንጫዋ ጎን፣ ምስር የምታህል ቦታ ላይ እንዳረፈ ባለችበት ደርቃ ቀረች። አልጮኸችም። ቀኝ ዓይኗ ተጨፈነ፣ አፏ ወደ ቀኝ ተሰበሰበ፣ እጇን ወደ ፊቷ ሰደደችና ጉንጯን ለመንካት አንድ ጣት ያህል ሲቀራት አቆመችው። እንባዋ ወረደ። እኔ በሆዴ እስከ ሃያ ስቆጥር ለቀቃት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው?" አለችኝ።

"ሳምኩሽ እንጂ ምን አደረግሁሽ?"

"በምንሽ ነው የሳምሽኝ? በወስፌ?"

እናቴ የሻሽወርቅ ትባላለች። ጎመንና ሽንኩርት፣ ሲገኝ ደግሞ ሎሚ ትሸጣለች። ጉሊቷ የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች ከአውቶቡስ የሚወርዱበት ቦታ ላይ ነው። ቤታችንም ከማረፊያው አጥር ጀርባ ስለሆነ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያወራ ሰው ዝም ይልና ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። አባቴ ሽፈራው እዚያው ጭነት ጫኝ ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ በጉበት ሞተ።

የጉንጩ ነገር የጀመራት በሰባ ሦስት ነው። ያኔ በወር አንዴ ብቅ የሚል እንግዳ ነበር። በሰባ አምስት ጥቅምት ላይ ግን በቀን ሠላሳ ጊዜ ይመጣል። ፊቷን ስትታጠብ፣ ነፋስ ሲነካት፣ ስታኝክ፣ ስትስቅ፣ በኋላም ስትናገር። ጎመን ሻጭ ሆኖ አለመናገር ምን እንደሆነ አስቡት። "ስንት ነው?" ሲሏት በጣቷ ታሳያለች። "ቀንሺ እንጂ" ሲሏት ዝም ትላለች። ዝም ስትል "ኮራች" ብለው አጠገቧ ወዳለችው ሻጭ ይዞራሉ። ስለዚህ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ አፏ ሆንኩ። ትምህርት ቤት እያለሁ "ወላጅ አምጪ" የሚሉኝ በምላሴ ነበር፤ ወላጄ ያስወጣችኝም ለምላሴ ብላ ነው።

ሕመሙን "መብረቅ" ትለዋለች። እኔ ኮረንቲ ነው ባይ ነኝ፤ ትምህርት ቤት በተሰበረ ሶኬት ጣቴን ከትቼ ስለማውቅ። መምህሩ "ለምን ከተትሽ?" ሲሉኝ "መብራት መኖሩን ላረጋግጥ" አልኳቸው። ልዩነቱ እኔን አንድ ቀን ብቻ ነው የያዘኝ።

የዚህ በሽታ ክፋቱ አለመታየቱ ነው። ሲለቃት ፊቷ እንደ ማንም ፊት ነው። አያብጥ፣ አይቀላ፣ አያተኩስ። ሰው ደግሞ የሚያዝነው ላበጠ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ሰላምታ ሦስት ጉንጭ ነው፣ ከቆየ አምስት። እናቴ ግራዋን ሰጥታ ስትሸሽ "የሻሽ ተኮሳተረች" ተባለ። ድግስ ቤት ወደ አፏ የመጣ ጉርሻ ስትገፋ ደግሞ "የሻሽ ተጠየፈችን" ተባለ። ያልተቀየመችው ጎረቤታችን እትዬ ሐሚዳ ብቻ ናት። የወሎ ሴት ናት፣ ባሏ ሰይድ የጭነት መኪና ይነዳል። እሷ አንድ ጊዜ ካየች በኋላ፣ "ጉንጭሽ እስኪሻለው እጅሽ ይበቃኛል" ብላ እጇን ስማ ማለፍ ጀመረች።

መጀመሪያ ጥርስ ነው ተባለ። ገርጂ አቶ አያሌው የሚባሉ ጡረታ የወጡ ድሬሰር አሉ፤ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ይነቅላሉ። "የቱ ነው?" ሲሏት በጣቷ ወደ ላይኛው መንጋጋ አሳየቻቸው። የማደንዘዣ መርፌ ወጉና ነቀሉት። ጥርሱ ነጭ ነበር፣ ለእሱም አዘንኩለት። መርፌው እስኪለቃት ድረስ ምንም አላመማትም፤ "ተመስገን፣ እሱ ኖሯል" አለች። ማታ መጣ። "እንግዲያው ከጎኑ ያለው ነው" አሉ አቶ አያሌው። ነቀሉት። ያም ነጭ። ሦስተኛውን ነቅለው ወደ አራተኛው ሲያዩ፣

"ጋሽ አያሌው፣ ሁሉንም ነቅለው ሲጨርሱ ቢጠሩንስ?" አልኳቸው።

"አንቺ ምላሳም! የምላስ መንቀያም አለኝ!" አሉ። አራተኛውን ግን ተዉት።

ቀጥሎ ጠበል ነው ተባለ። በኅዳር ጠዋት ጎሮ በኩል ወዳለ ጠበል በእግራችን ሄድን። ውርጭ ነበር። የሚያጠምቀው ሰውዬ አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ እናቴ ፊት ላይ ቸለሰ። እናቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ጮኻ የማታውቀውን ያህል ጮኸች። ሕዝቡ ሁሉ ደስ አለው።

"ጮኸ! ጮኸ! ያዘው!"

"ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር! ከየት ነው የያዝካት?" አለ አጥማቂው።

እናቴ መናገር ያማታል፤ ዝም አለች።

"አልናገርም አለ! እልኸኛ ነው!" ብሎ ሌላ ጆግ አነሳ።

እኔ መሐል ገባሁ። "የጮኸችው የሻሽወርቅ ናት እንጂ ሌላ ማንም የለም! ፊቷ ላይ አታፍስሱባት፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካት ነው የሚመታት!"

"ልጅቷንም ይዟታል" አለች አንዲት ሴትዮ። ሁለተኛው ጆግ በእኔ ላይ ፈሰሰ። እኔን ምንም አላስጮኸኝም፤ ውሃው ግን እውነትም ይቀዘቅዛል።

ስንመለስ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ደርባ በጥርሷ መሐል፣ "ጠበሉ ምን አጠፋ፣ ያፈሰሱበት ቦታ ነው እንጂ" አለች። ከዚያ ወዲያ ጠበል ትጠጣለች፣ በግራ በኩል።

ታኅሣሥ ላይ ምግብ ተወች ማለት ይቻላል። አጥሚት ብቻ፣ ቀጠን ተደርጎ፣ አንገቷን ወደ ግራ አጋድላ። ቀሚሷ ሰፋባት። አንድ ቀን ሽንኩርት እየለየን ሳለ፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደምትነግረኝ አድርጋ፣ "ይሄ ነገር እስከ ፋሲካ ከቀጠለ እኔ አልቀጥልም" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሽንኩርቱን ጥዬ ጤና ጣቢያ ጎትቼ ወሰድኳት።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ፈሂማ ትባላለች። ስለ እናቴ እኔ ስለፈልፍ እሷ እናቴን ብቻ ታያለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። "ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጩን ይይዛል። እናትሽ ለምንድነው ከሩቅ የምታሳየው?"

"ከነካችው ይመታታላ።"

"ታዲያ ይሄ የጥርስ አይደለም። የነርቭ ይመስለኛል። ትልቁ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪም አለ። ከቀበሌያችሁ የነፃ ሕክምና ወረቀት አምጡና እኔ እልካችኋለሁ።"

ያለ ወረቀት በገንዘብ ነው። በገንዘብ ከሆነ ደግሞ ጉሊቱን ከነሴትዮዋ ብንሸጠው አይበቃም።

ወረቀቱ ያለው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወልደጻድቅ ዘንድ ነው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዛሬም ኮታቸው ክሳድ ላይ ሁለት ስፒል ሰክተው ነው የሚሄዱት፣ ሰውንም ሲያዩት ከትከሻ እስከ ወገብ እንደሚለኩ ነው። ቢሯቸው ገብተን ጉዳያችንን ነገርኳቸው። መሳቢያ ከፍተው አንድ ደብተር አወጡ፣ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገለጡ።

"ጓድ የሻሽወርቅ። ከነሐሴ ጀምሮ በስብሰባ ላይ መፈክር አታሰሚም። እጅሽን ታነሻለሽ፣ አፍሽን አትከፍቺም። እጅ ያለ አፍ ግማሽ ተሳትፎ ነው። እዚህ ላይ ተጽፏል፤ ግማሽ።"

"አሟት እኮ ነው ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ።

"የቱ ጋ?"

"ጉንጯን።"

ጓድ ወልደጻድቅ የእናቴን ጉንጭ ለኩት። "ምንም የለውም።"

"ውስጡ ነው።"

"ውስጡን ማን አየው? በሽተኛ ከሆነች ከሐኪም ወረቀት ታምጣ።"

"ከሐኪም ወረቀት ለማምጣት እኮ ነው ከእርስዎ ወረቀት ልንወስድ የመጣነው!"

ተነስተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። እሁድ ቀበሌዎችን ከሚቆጣጠረው ከከፍተኛው ጓድ አምደሚካኤል የሚባል ካድሬ እንደሚመጣ፣ መፈክር የማያሰሙ ሰዎችን ስም አስቀድሞ እንደጠየቀ ነገሩን።

"ስሟ ሄዷል። አሁን ዝም ብዬ ማኅተም ብመታ 'አኩራፊ ታሳክማለህ' ይለኛል። እሁድ ሕዝብ ፊት ወጥታ ግለ ሂስ ታድርግ፣ አንድ መፈክር ታሰማ። እዚያው ማኅተሙን እመታለሁ። ይዤው እመጣለሁ፣ በኪሴ።"

"ግለ ሂሱን እኔ ላድርግላት?"

"ግለ ሂስ በውክልና የለም።"

እናቴ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። አሁን ግን በግራ የአፏ ጫፍ፣ "እሺ" አለች።

እስከ እሁድ አራት ቀን ነበረን። ከሁሉ የሚብስባት ከንፈሯ ሲገጣጠም ስለሆነ፣ ከንፈር የማያገጣጥም ቃል ፈለግን። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ በሹክሹክታ ትሞክራለች፤ ሲመታት እሰርዘዋለሁ። አምስት መስመር የነበረው ግለ ሂስ ቅዳሜ ማታ ሁለት ቃል ቀረው፦ "ተሳስቻለሁ። እስተካከላለሁ።"

"መፈክሩስ?" አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። መፈክሩን ማንም አይሰርዘውም።

እሁድ ጠዋት ፊቷን አልታጠበችም፣ ውሃም አልቀመሰችም። ነፋስ እንዳይነካት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወጣን። እትዬ ሐሚዳ በነፋሱ በኩል እየሄደች ጋረደቻት።

አዳራሹ ሞልቷል። ጓድ አምደሚካኤል ከመድረኩ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ካኪ የለበሰ ወጣት፣ ገና ጢም ያላወጣ። ጎኑ ጓድ ወልደጻድቅ። ሁለቱም የታቦት ስም ይዘው ጓድ መባላቸው ያስቀኛል፤ እሁድ እሁድ ግን አልስቅም። ስለ መጸዳጃ ቦይ ተነገረ። ስለ ሕብረት ሱቅ ስኳር ተነገረ። ከዚያ "ጓድ የሻሽወርቅ ግለ ሂስ ታደርጋለች" ተባለ።

አብሬያት ወጣሁ። "ልጅቷ ምንድናት?" አለ ካድሬው። "ድጋፍ ናት፣ ያዞራታል" አሉ ጓድ ወልደጻድቅ።

እናቴ ሕዝቡን አየች፣ አየር ሳበች።

"ተሳስቻለሁ። እስተካከላለሁ።"

አልመታትም!

"በቃ?" አለ ጓድ አምደሚካኤል።

"አጭርና ግልጽ ነው ጓድ" አሉ ጓድ ወልደጻድቅ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ማኅተሙን ይዘውታል።

"መልካም። እንግዲያው መፈክር ትምራን።"

ሕዝቡ ወንበሩን እያንኳኳ ተነሳ። ግራ እጆች ተጨብጠው ወጡ። እናቴም ግራ እጇን ጨብጣ አነሳች።

"ኢትዮ—"

እዚያው ላይ መታት። ሕዝቡ ግን ለምዶታል፤ ቀሪውን ማን ይጠብቃል። "ትቅደም!" አለና አዳራሹ ተናጋ።

ከዚያ ቀጣዩን መፈክር መጠበቅ ሆነ። እናቴ ግን የለችም። ቀኝ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ አፏ ተሰብስቧል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ግራ እጇ ጣሪያው ሥር እንደተጨበጠ ቀርቷል። እስከ አርባ ቆጠርኩ። የሕዝቡም እጅ እንዳለ ነው። መፈክር የሚመራው ሰው እጁን ሳያወርድ ማን ቀድሞ ያወርዳል? በዚያ ላይ ካድሬ እያየ? ጓድ ወልደጻድቅ በዓይናቸው ጓድ አምደሚካኤልን ያያሉ፣ ጓድ አምደሚካኤል እናቴን ያያል፤ ሦስቱም እጃቸውን አላወረዱም።

አውሮፕላን ተነሳ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ አለፈ። እጁ ሁሉ እንዳለ ነው። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ደገፉት። ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ምን እንዳስለቀሳት ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ሌላዋ "ውሃ ርጩባት፣ ተነስቶባታል" ብላ ስታንሾካሽክ እትዬ ሐሚዳ ክንዷን ያዘቻት።

ሰማንያ ደረስኩ። ይሄን ያህል ቆይቶ አያውቅም። ያኔ ነው ያየሁት። እጇን ስታነሳ የነጠላዋ ጥለት ከክንዷ ላይ ተንሸራቶ ጉንጯ ጎን ተንጠልጥሏል። እጇን ብታወርድ ነጠላው እዚያች ምስር ላይ ይሳባል። ባታወርድ በተነፈሰች ቁጥር ይነካታል። ወጥመድ ውስጥ ናት፣ ይሄንንም የምናውቅ በአዳራሹ ሁለት ሰዎች ነን።

ተጠጋሁና ጥለቱን በሁለት ጣቴ፣ የዝንብ ክንፍ እንደሚይዝ ሰው፣ ይዤ ከፊቷ አራቅሁት። "አውርጂው እማዬ" አልኳት። ቀስ ብላ አወረደች። አዳራሹ ሙሉ እጅ አብሯት ወረደ፣ አዳራሹም "ኡፍ" አለ። እንደዚያ ያለ አንድነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ጓድ አምደሚካኤል ማጨብጨብ ጀመረ። ሁሉም ተከተለው።

"ጓዶች!" አለ። "መፈክር ማለት ጩኸት ብቻ እንዳይመስላችሁ! ስሜት ነው! ይቺን እናት አያችኋት? እንባዋን አያችሁት? ይቺን ነው አኩራፊ ናት ብላችሁ የጻፋችሁልኝ?"

ጓድ ወልደጻድቅ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት።

"ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌያችሁ መፈክር መሪ እሷ ትሁን!" አለ ካድሬው። እንደገና ተጨበጨበ።

ወረቀቱን ይዘን ወጣን። ደጅ ስንደርስ እናቴ ቆመችና በግራ አፏ፣ "አሁን ይሄ መዳን ነው መሞት?" አለችኝ።

የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ኦላና ይባላሉ። ገና እንደተቀመጥን እኔ ጀመርኩ፤ ጥርሱን፣ ጠበሉን፣ አጥሚቱን፣ ሰዓቱን፣ ምስሯን።

"የታመምሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም። አፏ ነኝ።"

ወደ እናቴ ዞሩ። "እናቴ፣ የቱ ጋ እንደሚጀምር ያሳዩኝ።" እናቴ ጣቷን አንስታ አንድ ጣት ያህል ሲቀራት አቆመች። ዶክተሩ እጃቸው ላይ የነበረውን ጥጥ መልሰው አስቀመጡት።

"ይበቃኛል። አልነካዎትም።"

እናቴ በዚያች ሰዓት ወደደቻቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ "እስቲ ልየው" ብሎ ያልነካት የመጀመሪያው ሐኪም እሳቸው ናቸው።

ከፊት ወደ አንጎል የሚሄድ የነርቭ ገመድ አለ፣ ስሜት የሚያደርስ፤ እሱ ተበላሽቶ ትንሽ ንክኪን እንደ ትልቅ ሕመም አድርጎ ነው የሚያደርሰው አሉን። ጉንጩ ምንም አልሆነም። ጥርሶቹም ምንም አልሆኑም።

"ጥርሶቼ ደኅና ነበሩ?" አለች እናቴ፣ ሕመሟን ረስታ። መታት። እስኪለቃት ጠበቅናት። "ደኅና ነበሩ?" አለች እንደገና።

"ደኅና ነበሩ።"

"ገርጂ አንድ በረንዳ ላይ ናቸው" አልኩ እኔ።

ኪኒን አዘዙላት፤ ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ ነው አሉ። በግማሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር። ያደነዝዛል፣ ያዞራል፣ በድንገት አይቋረጥም፣ በየጊዜው ደም መመርመር አለበት።

"ይድናል?" አልኳቸው።

"ዝም ይላል። ለዓመት ዝም ሊል ይችላል፣ ከዚያም ሊመለስ ይችላል። ድኗል ብዬ አልዋሽሽም።"

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ እናቴ ደጅ ፊቷን ትታጠባለች። በግራ እጇ አፍንጫዋን አልፋ ቀኟን ነካችው። ቆመች። ጠበቀች። ምንም። እንደገና ታጠበች። ከዚያ ሳሙና አምጪ አለችኝ። ያን ሳምንት አንድ ሳሙና ጨረሰች። ኪኒኑ ስለሚያደነዝዛት ግን ጉሊት ላይ እያንቀላፋች ለአንድ እስር ገንዘብ ሁለት እስር ትሰጣለች፤ ደንበኞቻችን በሽታዋን ከሚጠሉት በላይ መድኃኒቷን ወደዱት።

እሁዶች ግን እየመጡ ነው። የመጀመሪያው እሁድ አዞራትና ቀረች። በሁለተኛው ጓድ ወልደጻድቅ "መፈክር መሪያችን ተሻላት?" ብለው ሰው ላኩ። እናቴ ሰኞ ለቀጠሮዋ ዶክተር ኦላና ዘንድ ስትገባ በራሷ አፍ ተናገረች፤ እኔ የተጋበዝኩት ለመስማት ነው።

"ዶክተር፣ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ።"

"የምን ወረቀት?"

"እንዳልጮህ የሚል።"

"ሕመሙ ከተወዎት እኮ መናገር ይችላሉ እናቴ።"

"መናገሩንማ እናገራለሁ" አለች። "መጮሁን ነው።"

ዶክተሩ እናቴን አዩ፣ በሩን አዩ። ብዕራቸውን አነሱ። "ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል" ብለው እያነበቡ ጻፉ፤ ለራሳቸው ደግሞ፣ "ሐሰት አይደለም" አሉ። ማኅተም መቱበት፣ ክብ ማኅተም።

ጓድ ወልደጻድቅ ወረቀቱን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"እጇስ?" አሉኝ።

"እጇን ታነሳለች።"

"ቀጥ አድርጋ?"

"ቀጥ አድርጋ።"

ከኮታቸው ክሳድ አንድ ስፒል ነቅለው ወረቀቱን ከስሟ ጎን ደብተሩ ላይ ሰኩት። "ግማሽ" የሚለውን ሰርዘው "በሕክምና" ብለው ጻፉ። በመርፌ የሚሠሩት ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው። ከዚያ በረዥሙ ተነፈሱ። ካድሬው ቢመጣ የሚያሳዩት ነገር አገኙ።

ፋሲካ ሳይደርስ የወረቀቱን ወሬ የሰሙ ሦስት የሰፈራችን ሴቶች በተለያየ ቀን ወደ ጉሊቱ መጡና ጎመን ሳይገዙ ቆሙ። "አንቺ ዘርፌ፣ የእናትሽ በሽታ ከአፍንጫ ጎን ነው ወይስ ከጆሮ ሥር የሚነሳው?" ይሉኛል። እጃቸውን እስከ የት ማድረስ እንዳለባቸው አሳየኋቸው፤ አንድ ጣት ያህል ሲቀር። አንደኛዋ ግራ ጉንጯን ይዛ ሄደች፤ ግራም ይሆናል፣ አልከለከልኳትም። ነርስ ፈሂማ በኋላ አግኝታኝ፣ "ይሄ በሽታ አይተላለፍም ነበር እኮ፣ እናንተ ቀበሌ ምን አገኘው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ግንቦት ላይ እናቴ የገዛ አፏን መልሳ ወሰደች። ማለዳ አውቶቡሱ ሲቆም፣ "ጎመን! የዛሬ ጎመን! ነይ እህቴ፣ ጤዛው ሳይደርቅ!" ትላለች። ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን ሁሉ ነው የምታወጣው፤ የቃሪያ ሻጯ "ጆሮዬን" እያለች ቦታ ቀየረች።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ስትጮህ ጓድ ወልደጻድቅ ከአውቶቡሱ ኋላ ብቅ አሉ። እናቴ አፏን ገጠመች። እጇ ብቻውን ተነስቶ ከጉንጯ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

ጓድ ወልደጻድቅ መጡና ከፊቷ ቆሙ። ጉንጯን አዩ። ጎመኑን አዩ። አንድ እስር አነሱ፣ አገላበጡት።

"ተነሳብሽ እንዴ ጓድ የሻሽወርቅ?"

"ትንሽ ነው ጓድ ሊቀመንበር" አለች በሹክሹክታ።

"ቅድም ከአውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ለቆሽ የሰማሁ መሰለኝ።"

"ለጎመን ጊዜ ይለቀኛል።"

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር መጣና አፍነው መለሱት። ከፈሉ፣ ጎመኑን ብብታቸው ሥር አስገቡ፣ ጥቂት ራመድ አሉና ዞሩ።

"የሻሽ!" አሉ። ጓድ የለም። "መስከረም ላይ ይቺን ልጅ ትምህርት ቤት መልሻት። ለአንድ ጉሊት ሁለት አፍ በዛ።"

"ወረቀት ይዘዋል?" አልኳቸው።

እናቴ ቆነጠጠችኝ። ቀኝ ጉንጬ ላይ።